ታፔላ የሌላት የገላን መንገድ ሽሮ ቤት

መጀመሪያ ስለ ሽንት ቤቱ ልናገርና ልገላገል። መጥፎ ነው። በሩ ከውስጥ አይዘጋም፣ ስለዚህ በአንድ እጅህ በሩን ይዘህ ነው የምትጨርሰው። ውሃ አንዳንዴ ይመጣል፣ አብዛኛውን ጊዜ ግን በርሜልና ጣሳ ነው። ይሄን ያስቀደምኩት ከዚህ በታች የምጽፈውን አንብባችሁ ቤተሰብ ይዛችሁ ሄዳችሁ እንዳትረግሙኝ ነው።

ቤቷ በአሮጌው የደብረ ዘይት መንገድ ላይ ናት። ቃሊቲን፣ አቃቂን፣ ቱሉ ዲምቱን አልፋችሁ፣ ፈጣን መንገዱን ትታችሁ ወደ ገላን ስትሉ ታገኟታላችሁ። ታፔላ የላትም። ምልክቷ ከፊት ለፊቷ የተደረደረው ተሳቢ ነው። ከሰዓት በኋላ ከሆነ አስርም አስራ አምስትም ከባድ መኪና ቆሞ ታያላችሁ፤ ሲኖው፣ ቦቴው፣ ኮንቴይነር የጫነው፣ ሸራውን ያሰረው። ጠዋት ከሄዳችሁ ግን ባዶ ሜዳ ነው፣ ቆርቆሮ ቤት አይታችሁ ዝም ብላችሁ ታልፋላችሁ። እኛ «ማዘር ጋ» ነው የምንላት። «የት ነህ?» ሲባል «ማዘር ጋ ነኝ» ካልክ ሰው ይገባዋል፣ ወላጅ እናትህ ቤት እንዳልሆንክ።

ለማያውቅ ሰው አንድ ነገር ላስረዳ። ከባድ መኪና ቀን ቀን አዲስ አበባ ውስጥ መዘዋወር ተከልክሏል። ከጅቡቲ ስትመጣ ሰዓትህ ካልገጠመ እዚህ ዳር ላይ ቆመህ እስኪመሽ ትጠብቃለህ። ከ900 ኪሎ ሜትር በላይ ነድተህ፣ ሚሌ ኬላ ወረፋ ይዘህ፣ የአፋርን ሙቀት ጨርሰህ፣ ቤትህ ልትደርስ ግማሽ ሰዓት ሲቀርህ ቁጭ በል ትባላለህ። ሚስት ትደውላለች። «ደርሻለሁ ግን አልደረስኩም» ትላታለህ። ይሄ ሰዓት በጣም ያናድዳል። ማዘር ጋ የሚያልፍልህ ይሄ ሰዓት ነው፣ ሌላው ሁሉ ትርፍ ነው።

እኔ ጅቡቲ መስመር ላይ 13 ዓመት ሆኖኛል፣ አራቱን በረዳትነት። በዚህ ሁሉ ጊዜ መንገድ ላይ ያልበላሁበት ቤት የለም ብል ማጋነን አይሆንም። ብዙዎቹ ሹፌር መንገደኛ ነው፣ ነገ አይመለስም ብለው የትናንት ወጥ ያቀርቡለታል። እንዲያውም ነገም ከነገ ወዲያም የሚመለስ ሰው ቢኖር ሹፌር ነው። አንድ ቤት፣ የት እንደሆነ አልናገርም፣ ጥብስ ብዬ አዝዤ ያመጡልኝን ስጋ ረዳቴ አኝኮ አኝኮ «ጋሼ ይሄ የጎማ ከመነዳሪ ነው እንዴ?» ብሎኝ ሁለታችንም ሳቃችንን መቆጣጠር አቅቶን ከፍለን ወጣን። ከዚያ ወዲያ እዚያ ቆሜ አላውቅም።

ማዘር ጋ የሚበላው ሽሮ ነው። ሌላም አለ፣ ግን ሽሮ ብሉ። ተጋቢኖዋ በትንሽ ድስት ትመጣለች፣ ጠረጴዛ ላይ ካረፈችም በኋላ ተክ ተክ ማለቷን አታቆምም። አዲስ ረዳት ሁሉ በመጀመሪያው ቀን ምላሱን ይቃጠላል፣ እኛም እያየን አንነግረውም። ሽሮዋ ወፍራም ናት፣ በእንጀራ ስትጠቀልላት አትፈስም። ቃሪያው ለብቻው በትንሽ ሳህን ይመጣል፣ ሁለት ፍሬ፣ ውስጡ በሽንኩርት የተሞላ። ሲያዝዙ ማዘር የምትጠይቀው አንድ ጥያቄ ነው፦ «የጾም ነው በቅቤ?» ረቡዕና አርብ እሱንም አትጠይቅም፣ የሚጾመውንና የማይጾመውን በመልክ ታውቃለች። እኔን አንድ ረቡዕ ያለ ቅቤ አቀረበችልኝ። «ማዘር እኔ እኮ ዛሬ አልጾምም» ስላት «ባለፈው ስትጾም አይቼሃለሁ፣ ዛሬ ምን ነካህ?» አለችኝ። ምን እላለሁ? በላኋት።

ሽሮ የሹፌር ምግብ የሆነው እንዲሁ አይደለም፣ አስቤበታለሁ። ቶሎ ይደርሳል። ርካሽ ነው። ከሁሉም በላይ ደግሞ ስጋ ላይ ስንመጣ አንተ የክርስቲያን፣ እሱ የእስላም ብለን ትሪ እንለያያለን፣ ሽሮ ላይ ግን የደሴው ልጅ፣ የድሬው ልጅ፣ የአዳማው ልጅ አንድ ትሪ ከበው እጃቸውን ይሰዳሉ። ወሬ የሚጀመረውም ከአንድ ትሪ ላይ ነው። ማንም ለየብቻው ሳህን ይዞ የአዋሽን ቁልቁለት አያወራም።

ዋጋ። ባለፈው ሳምንት ተጋቢኖ 150 ብር ከፈልኩ፣ ጀበና ቡና 25። ጥብሱ 450 ነው፣ ለእኔ አይገባውም፣ ስጋው ጥሩ ሆኖ ጨው ይበዛዋል። ጠዋት የሚሰራው ቅቅል ግን ሌሊት ነድቶ ለገባ ሰው መድኃኒት ነው። እንጀራው ንጹህ ጤፍ አይደለም። ማዘርም ነው ብላ አትዋሽም። «በዚህ ዋጋ ንጹህ ጤፍ ከፈለግህ ማሳው ላይ ሄደህ ጋጥ» ትላለች። ቴሌብር ትቀበላለች፣ ስልኩ ግን የልጇ ነው፣ ልጅቷ ትምህርት ቤት ከሄደች ጥሬ ብር ያዙ።

ዱቤም አለ፣ ይሄን ለብቻው ማውራት አለብኝ። ማዘር ዳሩ የተበላሸ፣ ሽፋኑ በዘይት የወዛ ደብተር አላት። ደብተሩ ውስጥ የሰው ስም የለም። የምትጽፈው ታርጋ ነው። ኮድ 3፣ ቁጥሩ፣ ከጎኑ «2 ሽሮ 3 ቡና»፣ ሲከፈል በእስክርቢቶ ጭረት። ለምን ስም አትጽፊም ስላት «የእናንተ ስም ምን ይታመናል፣ ሁላችሁም አንዴ ጋሼ አንዴ ፋዘር ናችሁ፣ መኪናው ግን ቁጥሩን አይቀይርም» አለች። ልክ ናት። ችግሩ ሹፌር መኪና ይቀይራል። ባለፈው ዓመት አንድ አዲስ ልጅ፣ ድርጅቱ ከሌላ ሹፌር የተቀበለውን መኪና ሰጥቶት፣ ገና ቁጭ ከማለቱ ደብተሩን ይዛ መጣችና «ከፋሲካ ጀምሮ 6 ሽሮ አለብህ» አለችው። ልጁ «ማዘር እኔ እዚህ ቤት ገብቼ አላውቅም» ብሎ ይምላል። እሷ በመስኮት ታርጋውን እያሳየች «መኪናው በልቷል፣ መኪናው ይክፈል» አለች። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ልጁ ከፈለ በመጨረሻ። ቀድሞ የነዳው ሰው በኋላ ሰምቶ ብሩን ላከለት ይባላል፣ ይሄኛውን አላረጋገጥኩም።

ወሬው የሚደምቀው ከ10 ሰዓት በኋላ ነው። እዚህ ላይ አንድ ትልቅ ሚስጥር አለ፣ ቤቱ ውስጥ የሚሰራው ሶኬት አንድ ብቻ ነው፣ እሱም ማዘር ባንኮኒ ጋ። በማከፋፈያ የሰው ስልክ ሁሉ እዚያ ይደረደራል፣ አስር ስልክ ተከምሮ ቻርጅ ያደርጋል። ስለዚህ ማንም ቲክቶክ የሚያይበት ነገር የለውም። ያወራል። ሌላ ቤት ብትሄዱ አሁን ሁሉም አንገቱን ደፍቶ ነው የሚበላው፣ እዚህ ግን ሰው ፊት ለፊት ይተያያል። ሶኬቶቹን አታሰሪ እንላታለን፣ ሰዉም የማታሰራው ለዚህ ብላ ይመስለዋል፣ እውነቱ የኤሌክትሪክ ሰራተኛው ብር ስላበዛባት ነው።

ሹፌር ሲያወራ ታሪኩ ልክ እንደ ጭነት ነው፣ በየኬላው ይጨመርበታል። አንድ ቦቴ የሚነዳ ወዳጃችን ገዋኔና ሚሌ መሃል ጎማ ፈንድቶበት የቆመበትን ቀን ያወራል። ከሦስት ዓመት በፊት ስሰማው የፈነዳው ሁለት ጎማ ነበር። አምና ሦስት ሆነ። ዘንድሮ አራት ጎማ፣ ባሌስትራ ተሰብሮ፣ በዚያ ላይ ጅብ። ረዳቱ አጠገቡ ቁጭ ብሎ ይሰማል፣ ፊቱ ላይ ምንም አይታይም፣ ብቻ ጅቡ ላይ ሲደርስ ተነስቶ እጁን ሊታጠብ ይሄዳል። ግን ሙቀቱን ሲያወራ ማንም አይስቅበትም። ቀን ላይ ቸርኬውን በእጅ መንካት አይቻልም፣ ክሪኩ በጨርቅ ነው የሚያዘው፣ ጀሪካኑን በእርጥብ ጆንያ ጠቅልለህ መስተዋቱ ላይ ካላንጠለጠልከው ውሃው ሻይ ይሆናል። ይሄን ያየ ሁሉ ራሱን ይነቀንቃል። ተሳቢ ስር ካርቶን አንጥፎ ያልተኛ እዚያ ጠረጴዛ ላይ የለም።

ከሁሉም ግን እኔ የምጓጓው አንድ ሽማግሌ ሲመጡ ነው። ጡረታ ከወጡ ቆይተዋል፣ ሰፈራቸው እዚያው አካባቢ ነው፣ ምርኩዛቸውን ይዘው ወደ 11 ሰዓት ብቅ ይላሉ። ሁላችንም «ፋዘር» ብለን እንነሳላቸዋለን፣ የበሩ ጥግ ያለችው ወንበር የሳቸው ናት፣ እባካችሁ እሷ ላይ አትቀመጡ። እሳቸው የአሰብ መስመር ሰው ናቸው። ከ1990 ጦርነት በፊት፣ ጭነቱ ሁሉ ወደ ጅቡቲ ሳይዞር፣ በደብረ ብርሃን፣ በጣርማ በር፣ በኮምቦልቻ፣ በባቲ፣ በሚሌ አድርገው አሰብ ይወርዱ ነበር። መኪናቸው ፊያት 682። ይሄን ቁጥር ሲጠሩ የልጃቸውን ስም እንደሚጠራ ሰው ነው።

ፊያቷ ዳገት ላይ ሞልታ ስትወጣ በእግር ከሚሄድ ሰው አትቀድምም ነበር ይላሉ። ረዳቱ ጋቢና ውስጥ አይቀመጥም። ወርዶ ከኋላ ጎማው ጎን ለጎን፣ ታኮ በእጁ ይዞ ይራመዳል። መኪናዋ ካቃታትና ወደ ኋላ ልትል ካሰበች፣ እንጨቱን ጎማው ስር ሸጎጥ። ደግሞ ትንሽ ትሄዳለች፣ ደግሞ ሸጎጥ። ጣርማ በር ላይ ጉም ሲወርድ ታኮ የያዘው ልጅ አይታይም፣ ድምፁ ብቻ ነው የሚሰማው፣ እሳቸው «አለህ?» ይላሉ፣ እሱ «አለሁ!» ይላል፣ «አለህ?» «አለሁ!» እየተባባሉ ጣሊያን የቆፈረው ዋሻ አፍ ላይ ይደርሳሉ። አንድ ጊዜ «አለህ?» ብለው መልስ ጠፋ። ፍሬን ይዘው፣ ልባቸው ወርዶ፣ ድንጋይ አስደግፈው ሲወርዱ ልጁ ለካ ጫማው ተበጥሶ ሲያስር ኋላ ቀርቷል። በጥፊ አሉት። ከዚያ አቅፈው አለቀሱ። ይሄን ሲያወሩ ስንት ጊዜ እንደሰማሁ አላውቅም፣ እሳቸው አንድም ነገር ጨምረውበት አያውቁም፣ ጥፊውም አንድ ነው፣ ጫማውም ያው የግራው ነው።

አሁን የእኔ ረዳት ጋቢና ውስጥ ኤሲው ደከመ ብሎ ያጉረመርማል።

ፋዘር ባሉበት ወሬው ወደ ድሮና ዘንድሮ ይዞራል፣ ጭቅጭቅም ይነሳል። ፈጣን መንገዱ 2007 ላይ ስራ ሲጀምር በአሮጌው መንገድ ዳር ያሉ ምግብ ቤቶች አለቀልን ብለው ነበር፣ ማዘርም ገበያዋ ቀዝቅዞ እንደነበር ትናገራለች። ባቡሩ 2009 ላይ ሲመረቅ ደግሞ እኛ ነን አለቀልን ያልነው። አንዱ ሹፌር ያኔ ተሳቢውን ሽጦ ታክሲ ገዝቶ ነበር፣ አሁን እሱን ስናነሳ እንስቃለን፣ እሱ ግን አይስቅም። ባቡሩ ይሄዳል፣ እኛም እንሄዳለን፣ ማዳበሪያው በደረሰ ጊዜ ደግሞ «መኪና ጠፋ» ይባላል።

የማይወራም ነገር አለ። የሞተ ሰው በስሙ አይጠራም፣ በቦታው ነው የሚጠራው። «የአዋሽ አርባው ልጅ» ይባላል። «የሎግያው» ይባላል። ከዚያ ትንሽ ዝም ይባልና ማዘር ራሷ «ቡና ልድገማችሁ?» ትላለች። ቡናውን በነገራችን ላይ የምታፈላው እህቷ ናት፣ በረካው ላይ ድረስ ካልጠጣችሁ ትቀየማለች፣ አቦሉን ብቻ ጠጥቶ የሚሮጥ ሰው ሁለተኛ ሲመጣ ስኒው ሳይሞላ ነው የሚቀርብለት። አይቼ ነው።

አሁን ወደ ቅሬታዬ። ማቆሚያው መረሬ የሚባለው ጥቁር አፈር ነው። በበጋ አቧራ፣ ምንም አይደል። ክረምት ላይ ግን ጉድ ነው። ባለፈው ነሐሴ ከነጭነቴ ገብቼ ከሦስት ሰዓት በኋላ ልወጣ ስል የኋላው ጎማ እስከ ቸርኬው ሰምጧል። ማርሽ ባስገባሁ ቁጥር ይቆፍራል። አንድ ሲኖ በሰንሰለት ጎትቶ አወጣኝ፣ ሰንሰለቱ አንዴ ተበጥሶ ከፊቴ ሽው ብሎ አለፈ፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ ክረምት ላይ አስፋልቱ ዳር ነው የማቆመው፣ ትራፊክ ከመጣ ደግሞ የሱ ጣጣ አለ። ማዘርን ቀይ አፈር ወይ ጠጠር አስደፊበት ካልናት ሁለት ዓመት ሆነን። «መሬቱ የኔ አይደለም፣ ነገ ተነሺ ብባል ጠጠሩን ታቅፌ ልሂድ?» ትላለች። እሷም እውነት አላት፣ እኔም ጎማ አለኝ።

ለአዳር ፓርኪንግ 100 ብር ነው፣ ዘበኛው ደግ ሰው ነው፣ ግን ይተኛል። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ወርጄ ሳየው ጋቢውን ተከናንቦ ሲያንኮራፋ አግኝቼዋለሁ። የአንድ ጓደኛዬን ሸራ በምላጭ ቀደው ሁለት ጆንያ ስኳር ወስደውበታል። ስለዚህ ጭነት ካላችሁ ረዳቱ ጋቢና ውስጥ ይደር፣ እናንተም አትመኑ። ከጀርባ አልጋ አለ ይላሉ፣ አለ፣ እኔ አንድ ሌሊት ሞክሬ ትኋን ከነቤተሰቡ ተቀብሎኝ ለጠዋቱ ሳልደርስ ወደ ጋቢናዬ ተመለስኩ። የጋቢናዬ ፍራሽ ጠባብ ነው ግን ብቻዬን ነኝ።

ቴሌቪዥኑም አለ። ኳስ ካለ ድምፁ እስከ አስፋልት ይሰማል፣ ያኔ ወሬ የለም። የአርሰናልና የማንቼ ቀን ፋዘርም አይመጡም።

ሹፌር ላልሆናችሁ፣ መሄድ ትችላላችሁ ወይ? ትችላላችሁ። ገላን ፋብሪካ የሚሰሩ ልጆች ይመጣሉ፣ ማንም ዞር ብሎ አያያቸውም። ግን የቤት መኪናችሁን ተሳቢ ፊት አታቁሙ፣ ከፊቱ ቀርቶ ከጎኑም ያላችሁትን ሹፌሩ ከላይ አያያችሁም፣ ይሄን የምለው ቤቱን በተመለከተ ሳይሆን በአጠቃላይ ነው። ሹፌርን ስንት ይከፈልሃል ብላችሁ አትጠይቁ። ስለ ጅቡቲ ጠይቁት፣ ስለ ሚሌ ወረፋ ጠይቁት፣ መተሐራ ላይ በሰቃ ሐይቅ መንገዱን እየገፋ ስለመጣበት ጊዜ ጠይቁት፣ ከዚያ ሽሮዋችሁ እስኪቀዘቅዝ አያቆምም። 11 ሰዓት አካባቢ ድረሱ። ከምሽቱ 2 ሰዓት ካለፈ ዋጋ የለውም፣ ሰዉ በአንድ ጊዜ ነው የሚነሳው። ገና ወሬው መሃል ላይ ሳለ አንዱ ሞተር ያስነሳል፣ ከዚያ ሁለተኛው፣ ጠረጴዛው ላይ ያሉት ሳህኖች ይንቀጠቀጣሉ፣ ባንኮኒው ላይ የስልክ ግፊያ ይሆናል፣ የኔ ነው የኔ ነው። የጅቡ ታሪክ ሳያልቅ ይቀራል።

ከአምስት ኮከብ ስንት ትሰጣለህ ብላችሁ ከጠየቃችሁኝ ለሽሮው አምስት፣ ለቡናው አምስት፣ ለማቆሚያው አንድ፣ ለአልጋው ዜሮ። ሽንት ቤቱን ተናግሬያለሁ። ባለፈው ሐሙስ የልጅቷ ስልክ ስላልነበረ የሁለት ቡና ሳልከፍል ወጥቻለሁ፣ ደብተሩ ላይ ታርጋዬ ያለ ጭረት ተቀምጧል፣ የዚህን ወር መኪና ቅያሬ ድርጅቱ ሳይነግረኝ በፊት ሄጄ መክፈል አለብኝ።